አባዬ የቆመበት ደረጃ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስነክስህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ታማርራለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? የማታ ፈረቃውን ትታ ወደ ቀን ተዛወረች? ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለህ ነበር፣ በቀለላት? እኛ በያለንበት ደህና ነን። የእማዬ ደም ግፊት ከፍ ዝቅ ማለቱን ባይተውም መድኃኒቷን ሳታጓድል ትውጣለች፤ ላጓድል ብትልም እኔ አልለቃትም። እኔም በማተሚያ ቤቱ ጥራዝ ክፍል እንዳለሁ ነኝ። ማሽኑ ሲጮህ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲራገም እኔ ብቻ ደልቶኝ ወረቀቴን አጥፋለሁ። አለቃችን «በዚህ ቤት የታደልሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። በአባዬ ቀብር ላይ ማን ማን እንደተናገረ፣ ምን እንደተባለ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር እንድጽፍልህ። እስከዛሬ ያልመለስኩልህ ረስቼው ወይም ሰንፌ እንዳይመስልህ። የምጽፈው ስለሌለኝ ነው። ምን እንደተባለ አላውቅም፣ ወንድም ጋሼ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኛ መስማት የተሳነን አሥራ አንዳችን እንደ ሁልጊዜው በግራ በኩል የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ቄሱ ተናገሩ። ከአባዬ የሥራ ባልደረቦች፣ ከቀለም ቀቢዎቹ አንዱ ተናገረ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮም ወጥታ እንባዋን እየጠረገች ተናገረች። እኔ አፋቸውን አየሁ፤ ከአፍ ላይ የምለቅመው ቃል ግን ከአሥሩ ሁለት ቢሆን ነው። ባለ ሪዙ መካኒክ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «ምን አሉ?» አለኝ በእጁ። አላውቅም አልኩት። ልብስ ሰፊዋም ከወዲያ ጠየቀችኝ። የሟቹ ልጅ ነኝና የማውቅ መስሏቸው አግዳሚው ሙሉ እኔን ያያል። አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመበት ከመድረኩ ሥር ያለው ደረጃ ባዶውን ነበር። የሚያስተረጉምልን ሰው ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። እማዬ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ስለነበር እሷን መጠየቅ ነውር መሰለኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ደግ ሰው በብጣሽ ወረቀት «ጥሩ ሰው ነበር አሉ» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ሦስት ሰው ግማሽ ሰዓት ተናግሮ ለእኔ የደረሰኝ አራት ቃል ነው።

ስለዚህ እነሱ ያሉትን ልጽፍልህ አልችልም። እኔ የማውቀውን ግን እጽፍልሃለሁ። ከቤት ከወጣህ አሥራ አራት ዓመት ሆኖሃልና ያላየኸው ብዙ ነው።

መጀመሪያውን አንተም ታስታውሰዋለህ። ትኩሳቱ ጆሮዬን ይዞ ሲሄድ እኔ አራት ዓመቴ፣ አንተ ስምንት ነበርክ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አትሰማም ሲላቸው እማዬ አለቀሰች፤ አባዬ ግን «እሺ፣ እኛስ ምን እንማር?» ብሎ ጠየቀ። ይህን እማዬ ናት የነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የያዘውን ግድግዳ ግማሹን ቀብቶ ይተወውና፣ ቀለም የተረጨበትን ቱታውን እንደለበሰ፣ እኔን አንጠልጥሎ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካው ተጣጥፎ ከእኛ ጋር ተማረ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። መምህሯ የቤት ሥራ ስትሰጠው ስህተቱን የማርመው እኔ ነበርኩ። ገበታ ላይ ያወጣውንም ሕግ አልረሳኸውም፤ እጁ ያልተናገረ ሰው አፉም አይናገርም ነበር። አንተ በአንድ እጅህ ማንኪያ ይዘህ በሌላው ስትንተባተብ ምግቡ ይቀዘቅዝ ነበር።

ወደ ደረጃው የወጣው ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው። አንድ እሁድ ከጎኑ ተቀምጬ «ሰውዬው ምን እያሉ ነው?» እያልኩ እጅጌውን ብጎትተው፣ ብጎትተው፣ ተነሥቶ ወጣና ወደ እኔ ዞሮ ቆመ። ቄሱ ግራ ተጋብተው ስብከቱን አቆሙ። አባዬ ለልጁ እንደሚያስተረጉምና ስብከቱን እንዲቀጥሉ ነገራቸው። በሳምንቱ ባለ ሪዙ መካኒክ መጣ። በወሩ ልብስ ሰፊዋ እህቷን ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያልን አግዳሚውን ሞላነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጓሮ ወጥቶ እጁን በነጭ ጋዝ ያሻል፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ እንደገና በነጭ ጋዝ። እማዬ ቆዳህ ሊላጥ ነው እያለች ትቆጣዋለች። እሱ ግን የእሁዱ ሰው የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እጁን እንደሆነ ይነግራታል። ጣቶቹ እንዲለዩልን ብሎም እሁድ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ እንጂ ሌላ አይለብስም ነበር። አንድ ምስጢር ደግሞ ልንገርህ፤ ቄሱ እንዳይሰሙ። ስብከቱ ሲረዝም አባዬ እጁን ያሳርፍና «ቅድም ያሉትን እየደገሙት ነው፣ አዲስ ነገር ሲመጣ እነግራችኋለሁ» ይለን ነበር። ምእመኑ ሁሉ ሲያንጎላጅ የእኛ አግዳሚ ብቻ ፈገግ ብሎ ይቀመጣል። ቄሱ የእኛን ትጋት ለሌላው ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውልናል።

ሥራው በቤተ ክርስቲያን አላበቃም። ፍርድ ቤት፣ ጣቢያ፣ ሐኪም ቤት፣ ሽምግልና፤ ጠሪው ማንም ይሁን ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አዋላጇ የምትለውን የሚነግራት ጠፋ። አባዬ ደግሞ ወንድ ነውና መግባት አፈረ። በመጋረጃው ወዲያ ማዶ ቆሞ ሁለት እጁን ብቻ ከመጋረጃው በላይ አውጥቶ «ግፊ»፣ «ቆይ»፣ «ተንፍሺ» ሲል ዋለ። ልጁ ሲወለድ ክንዱ ዝሎ ማውረድ አቃተው። እሷ እስከዛሬ ስትስቅበት ትኖራለች፤ «ልጄን ያዋለዱኝ ሁለት ክንዶች ናቸው» ትላለች።

አሁን ደግሞ በቀብሩ ላይ ማንም ያላነሣውን ነገር ልጻፍልህ። አላነሡትም ብዬ እርግጠኛ ነኝ፤ ሙት አይወቀስም ይባላል። አባዬ ግትር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ሌላ ሰው ይሠልጥንና ያግዝህ ብለውታል። የእሱ መልስ ሁልጊዜ «እኔ አለሁ» ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ተጣልቼዋለሁ። «ስትታመምስ?» ስለው «አልታመምም» አለኝ። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በእኛ ቤት ኩርፊያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ዓይኔን ጨፍኜ መቀመጥ ነው፣ የሚያናግረኝ እንዳይኖር።

ታመመ። ልቡ ነው አሉን። ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። በስድስተኛው ቀን ከጎረቤት ክፍል ሐኪሙ ሲሮጥ መጣ፤ መስማት የተሳነው ጫማ ሰፊ ለቀዶ ሕክምና ሊገባ ነው፣ የሚያስረዳው የለም። አባዬ በግራ እጁ ጉሉኮስ ተሰክቶበት በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ሄደና በአንድ እጁ አስተረጎመለት። ሲመለስ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። አልጋው ላይ ካስተኛነው በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ጣቶቹ በጣም ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት።

«ልክ ነበርሽ። ስወዳችሁ በእናንተ መፈለጌንም አብሬ ወድጄው ነበር» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። አደራ አላለኝም፣ ይህን አድርጊ አላለኝም። ደክሞት ተኛ። ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ የስብከቱን ቃል በወረቀት እያባዛ ለአግዳሚያችን ማደል ጀመረ። አሳባቸው ደግ ነው። ከአሥራ አንዳችን ግን ማንበብ የምንችል አምስት ነን። ሁለተኛው እሁድ ዘጠኝ ሆንን፣ አራተኛው ላይ ስድስት። ባለ ሪዙ መካኒክ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ወረቀትማ ጋራዥም አለ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ልቀር ዳር ዳር ስል ነበር፣ አልዋሽህም።

በስድስተኛው ሳምንት ልብስ አጣቢዋ ወደቀች። ታውቃታለህ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ አባዬ ስትስቅ ትከሻዋ ስለሚንቀጠቀጥ የምልክት ስሟን «ትከሻ» ያለላት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷ መድኃኒቱን ሰጥታ ሦስት ጣት አሳየቻት፤ በቀን ሦስት ጊዜ ማለቷ ነው። ትከሻ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስት ሦስት እየዋጠች ሁለት ቀን ከረመችና ገንዳው አጠገብ ራሷን ስታ ተገኘች። ደግነቱ ጎረቤት ደረሰላት፣ ተረፈች። ልጠይቃት ስሄድ አልጋው ላይ ሆና «አባትሽ ቢኖር» አለችኝ።

ያቺ ቃል አንጀቴን አሳረረችው። አባዬ እንደማይኖር አውቃለሁ። አባዬ ባይኖር ሰው መሞት አለበት ወይ? እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ እጄ ለእኔ አፌም አይደል? አፌን ዘጋሁ ማለት ነው።

በማግሥቱ መካኒኩን አስከትዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ላይ ገባሁ። የምጠይቀውን በሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ሰብሳቢውን አታውቃቸውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የተሾሙት፤ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ በሐሩርም ስለማይፈቱ በእኛ ዘንድ ስማቸው «ኮሌታ» ነው። ኮሌታ አነበቡና አንድ አስተርጓሚ ፈልገን እንቅጠር ብለው ጻፉልኝ። አንድ አልፈልግም አልኩ። አንድማ ነበረን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኔ የምፈልገው አሥር የሚሰሙ ሰዎችና በሳምንት ሁለት ቀን የሚያስቀምጠን ክፍል ነው፤ የማስተምራቸው ራሴ ነኝ አልኩ። ማንም አይመጣልሽም ብለው ጻፉ። እኔም ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ክፍሉን ይስጡኝ። ሰው ካልመጣ ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም።» ቄሱ አንብበው ሳቁና የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው መጣ፤ የቄሱ ሚስትና የፋርማሲው ባለቤት። እኔ ሃያ ወንበር ደርድሬ ነበርና አፍሬ አሥራ ስምንቱን መልሼ ቆለልኩ። በሚቀጥለው ቀን አንዲት ወጣት ሴት ከበሩ ላይ ቆማ ለመግባት ስታመነታ አየሁና ወረቀት ሰጠኋት። «ሦስት ጣት ያሳየኋት ነርስ እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ከእሷ በላይ የሚተጋ ተማሪ እስካሁን የለኝም። ከዚያ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ መጣ። ከጣቢያው ደግሞ አንድ ፖሊስ መጣ፤ ራሱን በምልክት ሲያስተዋውቅ አንዲት ጣት ተሳስቶ «ፖሊስ ነኝ» ለማለት «ድንች ነኝ» ስላለ እስከ ዕለተ ሞቱ ስሙ ድንች ነው። በሁለተኛው ወር ላይ ኮሌታ ራሳቸው ወንበሮቹ እንዳይሰበሩ ልቆጣጠር ብለው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ያዩኝ ሳይመስላቸው በጠረጴዛው ሥር ጣታቸውን ሲለማመዱ ያዝኳቸው። እኔም ወደ ፊት አውጥቼ «ደህና አደራችሁ» አስባልኳቸው። እንደ ተማሪ ተሸማቀቁ፣ ግን አሉት።

እንዳስቸገርኳቸው አልደብቅህም። በክፍሌ ድምፅ ማውጣት ክልክል ነው፣ ሹክሹክታም ቢሆን። መጀመሪያ ላይ ተቆጡ፤ ያልገባቸውን ነገር ለመጠየቅ እጃቸው ቃል አጥሮት ሲንገላቱ ፊታቸው ይቀላል። ድንች አንድ ቀን ተናዶ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። በሳምንቱ ተመልሶ የጻፈልኝን አልረሳውም፦ «ሰው ሁሉ እያወራ አንድም አለመስማት እንዲህ ነው ለካ።»

አንድ ሰው ግን እምቢ አለችኝ። እማዬ። ከአባዬ እኩል ምልክቱን ታውቀዋለች፤ ከእኔ ጋር ስታማ እንዲያውም ትበልጠዋለች። ከሰው ፊት ቁሚ ስላት ግን ሁልጊዜ መልሷ፣ የቤት ሴት ነኝ፣ መቆሙ የአባትሽ ነበር የሚል ነው። ተውኳት።

ትናንት እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ አባዬን እያስታወሰ ዋለ። ደረጃው ላይ አራት ሰው በየተራ ቆመ። የፋርማሲው ባለቤት ጸሎቱን አስተረጎመ፣ ትኬት ቆራጩ መዝሙሩን፣ ነርሷ ንባቡን። ድንች ማስታወቂያውን ሲያስተረጉም ቀን ተሳስቶ አግዳሚያችን ሙሉ እጁን አንሥቶ አረመው። አሥራ አንዳችንም ነበርን፤ ጫማ ሰፊውም ተጨምሮ አሥራ ሁለት ሆነናል። ከዚያ ቄሱ እኔን ጠሩኝ። እኔ በእጄ ልናገር፣ ነርሷ በድምፅ ለሕዝቡ ልታሰማልኝ ነበር ስምምነታችን።

ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደሄድኩ ነርሷ የምለው ጠፋባት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሆዴ ሲባባ እጄ ይፈጥናል። ቆም ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። ደግሜ ጀመርኩላት፣ እንደገና ጠፋባት። ሕዝቡ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ እማዬ ተነሣች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። አየችኝና «በይ» አለችኝ በእጇ።

እንዲህ አልኩ፦ «አባቴ ይህን ቋንቋ የተማረው ለእኔ ብሎ ነው፤ ከዚያ ለለመነው ሁሉ ሰጠው። ክንዱ እስኪዝል ቆሞልናል። ግትርም ነበር። እሱ ካለ ሌላ ሰው የሚያስፈልግ አይመስለውም ነበር።» እዚህ ላይ እማዬ አፏ ቆመ። ጠበቅኳት። ትንፋሿን ሳበችና ተናገረችው፤ የተናገረችው መሆኑን ያወቅሁት ኮሌታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቼ ነው። ቀጠልኩ፦ «ብቻውን ተሸክሞን ስለነበር እሱ ሲወድቅ አብረን ወደቅን። ከእንግዲህ አንወድቅም። ረቡዕና ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ክፍት ነው።»

የእማዬ ድምፅ ቀጭን ይሁን ወፍራም አላውቅም፤ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ብሰማውም አላስታውሰውም። ሰዎቹ ሲያዳምጧት ግን አየሁ። ማንም አላሳለም፣ ማንም ወደ ጎን አላየም።

ወደ ቤት ስንመለስ እጇ ቦርሳዋ ላይ ነበር። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቆመችና አንገቷን እየነካካች «ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። አፍጥጬ አየኋት። ማንን እንደጠየቀች ሲገባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ሁለታችንም መንገዱ መሃል ቆመን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አንድ ባለ ጋሪ ማለፍ አቅቶት ይመስለኛል ሲጮህብን ነበር፤ እማዬም አልሰማችውም።

ወንድም ጋሼ፣ እንግዲህ የጠየቅኸኝን መልስ አግኝተሃል። አንተም ድርሻ አለህ፤ ከባድ አይደለም። ባለፈው በስልክ ምስል ስንተያይ እጅህ ዝጓል፣ ልጆችህም ከማውለብለብ ሌላ አያውቁም። ከዚህ ጋር የእጅ ፊደሉን በሁለት ገጽ ስዬ ልኬልሃለሁ፤ አውራ ጣቴ ትንሽ ወፍሮ ወጥቷል፣ ታገሰኝ። ገበታ ላይ አስጀምራቸው። እዚህ ስትመጡ አክስታቸውን የሚያስተረጉምላት ሰው እንዳትፈልጉ።

የባለቤትህን ሁለቱንም ጉንጮች በእኔ ስም ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅ ኳሱን ከመስኮት ያርቅ በይው ብላለች እማዬ፤ ለትንሿ ደግሞ የወለቀውን ጥርስ ታስቀምጥልኝ። እማዬ ጉልበትህን በሞቀ ጨርቅ እሠረው ትልሃለች፣ ዕድሜህን ያርዝመው ትልሃለች፣ ቀጥዬ ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም። ባለ ሪዙ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊዋና ያ በመጋረጃ የተወለደው ልጇ፣ ትከሻም ከነሳቋ ሰላም ብለውሃል። ነርሷ ባታውቅህም ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብላኛለች። ድንችም እንደዚሁ።

እህትህ

ከቤታችን፣ ከጓሮው በር አጠገብ
ሰኞ ጠዋት፣ አባዬ ባረፈ በሰባተኛው ወር